የተመለሰችው ሽቦ

ኢንስፔክተር ዓይናለም ቁስቋም ሰፈር ካለው የባንድ ልምምድ ቤት ስትደርስ ሱሀይብ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ደረቱ ላይ እንደተጋደመ አገኘችው። ማይክሮፎኑን ጨብጦ የነበረው ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል። የግራ እጁ ጣቶች ላይም የጊታሩ ክሮች ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች ጥለዋል። ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ወጣት ነበር።

የባንዱ ዘፋኝ ይመኙሽ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። የነቀለችውን ሶኬት አሁንም ከእጇ አልለቀቀችም።

«ኤሌክትሪኩ ያዘው። ስጮህ ዓይኖቹ ያዩኛል፤ መናገር ግን አልቻለም። ሶኬቱን ስነቅለው ወደቀ» አለች።

ቤዝ ጊታር የሚመታው ወንድምአገኝ አጠገቧ አቀርቅሮ ያለቅሳል። ወዲያው የሟቹ ታላቅ ወንድም ያሕያ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ እየሮጠ ደረሰ። ሬሳውን አይቶ አጠገቡ ተንበረከከ።

«አስማረ ነው የገደለው!» ሲል ጮኸ። «ጊታሩን ፈትቶ ነካክቶ የመለሰው እሱ ነው!»

ማራኪ ሰፈር ሬዲዮና ጊታር የሚጠግነው አስማረ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታሰረ።

ጣቢያ ሲደርስ ምን እንደሠራ ተጠየቀ። «ፒክአፑን ቀየርኩለት» ቢል ተረኛው ፖሊስ «የመኪናው ሰሌዳ ስንት ነው?» አለው። አስማረ ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ ማግኔት መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። የሚሰማው ሰው ግን አላገኘም። ዓይናለም ወደ ክፍሉ ስትገባ ማስረዳቱን ትቶ ወለል ወለሉን ያይ ነበር።

«ለእኔ ንገረኝ» አለችው፣ ከፊቱ ቁጭ ብላ። «ቀስ ብለህ።»

«የድሮዎቹ ባለ አንድ ጥቅል ነበሩ፤ እንደ ንብ ቀፎ እዝዝ ይላሉ። ልጁ በዚህ ተማሮ መጣ። እኔም ሀምበከር በሚባሉ ፒክአፖች ቀየርኩለት። ሁለት ጥቅል አላቸው፤ አንደኛው የሚሰበስበውን እዝዝታ ሌላው ያጠፋዋል። መጠናቸው አነስተኛ ስለሆነ በድሮው ቀዳዳ ልክ ገቡ፤ እንጨቱን መፈልፈል አላስፈለገኝም።»

«ታዲያ ምን ነዘረው?»

«አምፕሊፋየራቸው የምድር ሽቦው ተበጥሶ፣ ብረቱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። እንዲያሠሩት ለምኛቸው ነበር። በጊታሩ ጀርባ፣ ከሽፋኑ ሥር፣ ክሮቹን ከዚያ ብረት ጋር የምታገናኝ አንዲት ሽቦ አለች። ድሮ ሲነዝረው የነበረው በእሷ በኩል ነው። ማይኩ ከምድር ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ክሮቹንና ማይኩን አንድ ላይ ሲይዝ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ያልፋል። አዲሶቹ ፒክአፖች ጸጥ ያሉ ስለሆኑ ያለሷም ይሠራል ብዬ ነቀልኳት። ጫፏን በፕላስተር ጠቅልዬ ነው የተውኳት። በቁስቋም ማርያም እምላለሁ!»

ዓይናለም ጊታሩን አስመጥታ የጀርባ ሽፋኑን በፊቱ ፈታችው። ሽቦዋ ቦታዋ ላይ ተበይዳለች። ፕላስተር የሚባል ነገር የለም።

አስማረ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን መረመረ። «ይህ የእኔ ብየዳ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ግን ማን ያምነኛል?»

ዓይናለም ሽፋኑን መልሳ ገጠመችው። እሷ ብታምነውም፣ የእሷ እምነት ብቻውን ከእስር የሚያስፈታው አልነበረም።

በማግስቱ ያሕያን ሱቁ ውስጥ አነጋገረችው። መደርደሪያው በገመድና በማብሪያ ማጥፊያ ተሞልቷል።

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ። ሙዚቃውን ካልተውክ ጊታርህን እሰብረዋለሁ አልኩት፤ በሰው ፊት።»

«ሽቦ መበየድስ ታውቃለህ?»

«ሱቄን እያዩት አይደል? አውቃለሁ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ግን እዚያ ቤት እስከ ትናንት እግሬ ረግጦ አያውቅም። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ሲጫወት ሳልሰማው ሞተብኝ።»

ይመኙሽን ያገኘቻት ተከራይታ ከምትኖርበት ክፍል ነው።

«በዚያ ቀን የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ኧረ ምንም። ሱሀይብ ደስ ብሎት ነበር። ድሮ ጊታር ይዞ ማይክ አይነካም፣ ይፈራል። አስማረ ‹ከእንግዲህ አይነዝርህም› ካለው ወዲህ ግን እንዳሻው ይይዘዋል። አይከል ከተማ ለተጠራንበት ሰርግ አዲስ ዘፈን እየተለማመድን ነበር። ወንድምአገኝ ጊታሩን በማንገቻው አንጠልጥሎ አቀበለውና ‹ዛሬ አንተው ቃኘው› አለው። ከዚያ ጀመርን።»

«ሌላ ጊዜስ የሚቃኘው ማን ነው?»

«ወንድምአገኝ ነው። ጆሮው በጣም ሸጋ ነው።»

«ልምምዱን በስልክሽ ትቀርጪዋለሽ?»

«ሁልጊዜ። የመጨረሻውንም ቀርጬዋለሁ፤ ግን ማየት አልቻልኩም።»

ወንድምአገኝ ወደ ጣቢያው የመጣው ሳይጠራ ነው። ፊቱ አብጧል።

«ጓደኛዬ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። አስማረ የጊታሩን ፊት ብቻ ቀያየረና ጨርሻለሁ አለ። የጀርባዋን ሽቦ መች ነካት? እንዳለች እኮ ናት!»

ዓይናለም ብዕሯን አስቀመጠች። «አንተም ድሮ ጊታር ትመታ ነበር ይባላል።»

«ሱሀይብ ሲመጣ ወደ ቤዝ አዞሩኝ።» ጣቶቹን ተመለከተ። «ይበልጠኝ ነበር።»

ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም ወደ ልምምድ ቤቱ ጠራቻቸው። የሟቹ አባት ሐጂ ዐብዱልከሪም ከያሕያ ጋር መጡ። ይመኙሽና ወንድምአገኝ ጎን ለጎን ቆሙ። አስማረ ካቴና እንደታሰረ በፖሊስ ታጅቦ ገባ። ሐጂ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

«ሱሀይብን የገደለችው በጊታሩ ጀርባ የተበየደችው ሽቦ ናት» አለች ዓይናለም። «አስማረ ነቅያት ነበር ይላል። እውነቱን ከሆነ፣ ሌላ ሰው መልሷታል። ሁለት ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፤ ዓይናችሁን ሳይሆን ጆሮአችሁን ስጡኝ።»

የመጀመሪያው ጊታሩ በተጠገነ ሰሞን የተቀረፀ ነው። ሱሀይብ ክሮቹን ይነካል፣ እጁን ያነሣል፤ ከአምፕሊፋየሩ የሚሰማው ቀጭን እዝዝታ ግን አይለወጥም። ሁለተኛው የሞተበት ዕለት ነው። እዚህ ላይ እጁ ክሮቹ ላይ ባረፈና በተነሣ ቁጥር እዝዝታው ይለዋወጣል። ቀጥሎ የሚመጣውን ከማሳየቷ በፊት አቆመችው።

«አስማረ፣ ምን ማለት ነው?»

«በመጀመሪያው ሽቦዋ የለችም» አለ። «ክሮቹ ከምንም ጋር አልተገናኙም፤ ቢነካቸውም ባይነካቸውም ድምፁ ያው ነው። በሁለተኛው ተመልሳለች።»

«ስለዚህ ከአስማረ እጅ ስትወጣ ተነቅላ ነበር። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ከዚህ ቤት አልወጣም። ያሕያ መበየድ ያውቃል፤ ግን እዚህ ገብቶ እንደማያውቅ የግቢው ዘበኛም መስክሯል። ይመኙሽ ደግሞ አስማረ ስላለው ነገር ያለ ፍርሃት ነገረችኝ፤ ወጥመዱን እሷ አጥምዳው ቢሆን ኖሮ ሶኬቱን ለመንቀል አትሮጥም ነበር።» ወደ ወንድምአገኝ ዞረች። «አንተ ደግሞ የጀርባዋ ሽቦ ‹እንዳለች ናት› አልከኝ። ጊታሩን የከፈትኩት በአስማረ ፊት ብቻ ነው፤ ያየሁትንም ለማንም አልተናገርኩም። ሳትከፍተው በምን አወቅህ?»

ወንድምአገኝ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ቪዲዮው ላይ ጊታሩን በጨርቅ ማንገቻው ይዘህ ነው የሰጠኸው። ሁልጊዜ የምትቃኘውን ጊታር በዚያ ቀን ለምን መንካት ፈራህ?»

ይመኙሽ ቀስ ብላ ከአጠገቡ ራቀች። ወንድምአገኝ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እንዲነዝረው ብቻ ነበር» አለ። «ድሮም ይነዝረው ነበር፤ ይደነግጥና ይተወዋል። ደንግጦ የአይከሉን ሰርግ እኔ እንድመታ... ማይኩን እንዲያ በሙሉ እጁ ይጨብጠዋል ብዬ አላሰብኩም።»

«የጨበጠው እኮ ከእንግዲህ አይነዝርህም ስለተባለ ነው» አለች ዓይናለም። «እንዲሞት አልፈለግህም ይሆናል፤ እሱን ፍርድ ቤት ይመዝነው። ግን ይህ ሰው በካቴና ሲጎተት እያየህ ዝም አልክ። ልትመሰክርበትም መጣህ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከአስማረ እጅ ፈታ። አስማረ የእጅ አንጓውን እያሸ ቆሟል። ሐጂ ወደ እሱ ሄዱና ሁለቱንም እጆቹን ያዙ።

«ረግሜህ ነበር። ዐፉ በለኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ እኔ ምን አለኝ፣ ሐጂ» አለ አስማረ፤ ከዚያም ሁለቱም ተላቀሱ።

ወንድምአገኝ ሲወሰድ ያሕያ ጡጫውን ጨብጦ ተነሣ። አባቱ ግን በክንዳቸው አገዱት። ወንድምአገኝን በዓይናቸው እስከ በሩ ከሸኙት በኋላ ወደ ዓይናለም ዞሩ።

«የወንድምአገኝ እናት ጎረቤታችን ናት። ሱሀይብ ከሞተበት ቀን ጀምራ ለቅሶው ላይ ናት፤ ባለቤቴን የምትደግፈው፣ ውኃ የምታጠጣት እሷ ናት። አሁን ማን ነው የሚነግራት?»

ዓይናለም በሩን ከፈተችላቸው። «አብሬዎት ልምጣ» ብቻ አለች።

ግቢው ሲደርሱ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ተቀምጠዋል። የወንድምአገኝ እናት ወይዘሮ እንኳየሁ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የሱሀይብን እናት ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስደግፋ ነበር። ሐጂን ስታይ የእናትየዋን ጭንቅላት በቀስታ ትራስ ላይ አሳርፋ ተነሥታ መጣች።

«ምነው ሐጂ፣ ወንድምአገኝ አብሯችሁ አልነበረም?» አለች፣ ከኋላቸው ወደ መንገዱ እየተመለከተች። «ከጓደኛው ሞት ወዲህ እህል አልቀመሰም። አንድ ጉርሻ እንኳ ላጉርሰው ብዬ ምሳውን አስቀምጬለት ነበር።»

ሐጂ ከሴቶቹ ራቅ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» አሏት።