ቀይዋ ነጥብና አንገቷ የታነቀው ጎሽ

በጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ የምትበራው ቀይ ነጥብ ታዋጣለች ወይስ ጌጥ ብቻ ናት? የእንስሳት ሐኪሙ መልሱን አላወቀውም። የጥብቅ ደኑ ኃላፊ ለጣቢያዎቹ ሁሉ የማደንዘዣ ጠመንጃ መነጽር ሊያስመጣ ነውና፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣውን ይህንኑ ሐኪም ጠየቀ። የተማረው ሰውም «እንደ ሁኔታው ነው» አለ።

«ያን ሁሉ ዘመን ቆይተህ ይዘህልን የመጣኸው ይህቺን ቃል ነው?» አለች ታላቅ እህቱ። የደኑ ጠባቂ ናት፤ በልጅነቱ ወንጭፍ ያስያዘችውም እሷው ነበረች።

ኃላፊው «እንግዲያው ሞክሩትና መልእክት ላኩልኝ» ብሎ ሸኛቸው። መሞከሪያው ከወንዙ ማዶ ነበር። አንዲት ጎሽ የአዳኞች ሽቦ አንገቷ ውስጥ ጠልቆ መዋጥ አቅቷታል፤ ገና የሚጠባ ጥጃ ይከተላታል። ሽቦው ካልተቆረጠ እናቲቱም ጥጃውም አይተርፉም።

ገና ከጣቢያው ሳይርቁ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ዱካውን አጠበው፤ ጭቃው ጫማቸውን እየጎተተ ያስቀር ጀመር። ሐኪሙ ጠመንጃውን በሸራ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቀፈው።

«እትዬ፣ ብንመለስ ይሻል ይሆን?»

«ጎሿን ጠይቃት።»

ወንዙ ሞልቶ ይጋልባል። ጀልባዋን ገፍተው መሃል ሲደርሱ ከሥራቸው አንድ ጉማሬ ብቅ አለና በጀርባው አነሳቸው። ጀልባዋ ተንጋደደች፤ የመድኃኒቱ ቦርሳ ውኃ ገባ። እህትየዋ በመቅዘፊያዋ የውኃውን ፊት እየደበደበች ጮኸች፤ ጉማሬው ጆሮውን አርገፍግፎ ጠለቀ። ማዶ ሲወድቁ ከመድኃኒቱ የቀራቸው በሐኪሙ ደረት ኪስ ውስጥ የነበሩት አንዲት ማደንዘዣ መርፌና የመቀስቀሻው ብልቃጥ ከነመርፌው ነበሩ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንተኩሰው» አለ ሐኪሙ። «ታፋዋን ስቶ ሆዷን ቢመታ እኛው ገደልናት።»

«አትሳታ።»

ጎሿን ያገኟት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ቆማ ታጣጥራለች። ከሩቅ የውሻ ጩኸት መጣ። ሽቦውን ያጠመዱት ሰዎችም ዱካዋን ይዘዋል ማለት ነው።

ሐኪሙ በደረቱ ተኝቶ አነጣጠረ። ጥላው ስለከበደበት የነጥቧን መብራት እስከ መጨረሻዋ ከፈታት። መነጽሩ ውስጥ ቀይ ፀሐይ ወጣች፤ ጎሿ ከነጥጃዋ ጠፋች።

«አልታየኝም» አለ።

«አላልኩህም? የጭፈራ ቤት መብራት ጠመንጃ ላይ ሰክተህ! አምጣ።» ነጠቀችውና መብራቷን አጥፍታ አነጣጠረች። አፈሙዙን ወደ ግራ አዞረች። ወደ ቀኝ መለሰችው።

«እ?»

«የመነጽሩ መስቀል ጥቁር፣ ጎሿ ጥቁር፣ ጫካው ጥቁር» አለች በመጨረሻ። «ታፋዋ ላይ ልሁን ጉቶ ላይ፣ እኔ ምን አውቄ?»

ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ውሾቹ ግን እየቀረቡ ነበር። ሐኪሙ ጠመንጃውን መልሶ ወሰደና የመብራቷን ማዞሪያ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ልትጠፋ ጥቂት እስኪቀራት አወረዳት። አመድ ውስጥ የተረሳች ፍም የምታህል ነጥብ ቀረች። ጎሿም ትታያለች፣ ነጥቧም ትታያለች። ታፋዋ ላይ አሳረፋትና ተነፈሰ። ተኮሰ።

ጎሿ ተንደረደረች፣ ተንገዳገደች፣ ተንበረከከች። ሮጠው ደረሱ፤ እሷ ሽቦውን በመቁረጫ ቀረጠፈች፣ እሱ ቁስሉን አጠበ። የመቀስቀሻውን መርፌ ገና ሲሞላ ውሾቻቸውን ያስቀደሙ ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው ብቅ አሉ።

«ከዚያች ጎሽ ላይ ተነሱ» አለ አንደኛው፣ ጢማሙ። «ሽቦው የእኛ ነው። በሽቦአችን የተያዘ የእኛ ነው።»

ሐኪሙ እህቱን አየ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። መቀስቀሻውን በጎሿ ደም ሥር ውስጥ ሰደደና ብድግ አለ።

«እሺ፣ ውሰዷት» አለ። «እትዬ፣ ዛፍ ላይ ውጪ።» እሱም ተከትሏት ወጣ።

ጎሿ ዓይኗን ገለጠች። ያንን ያህል ሥጋ ባንዴ ሲነሳ ምድሪቱ ራሷ የተነሳች ይመስላል። ውሾቹ የመጡበትን መንገድ አስታወሱ። ከጌቶቻቸው አንዱ ተከተላቸው፤ ጢማሙ ግን ጦሩን ጥሎ እህትየዋ ያለችበት ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ።

«ጠጋ በይልኝ፣ እናቴ» አለ።

«ሽቦህን ትፈልገዋለህ?» አለችና ደም የነካውን ጥቅል አፍንጫው ሥር ያዘችለት።

ጢማሙ ከሥሩ አፈር የምትጭረውን ጎሽ አየ፣ የጠባቂዋን መለዮም አየ። «የእኔ አይደለም» አለ።

ጎሿ ቁጣዋ ሲበርድ ጥጃዋን አስከትላ ወደ ውኃው ወረደች፤ አንገቷን ዘርግታ ጠጣች። ውኃው በጉሮሮዋ ሲወርድላት ከዛፉ ላይ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ጣቢያው ካለበት ጉብታ ላይ፣ ስልክ የሚይዝበት ቦታ ሐኪሙ ቆሞ ለኃላፊው ጻፈ፦ «ነጥቧ ታዋጣለች። በጠራራ ፀሐይ ለምንም አትረባም፤ ካበዟትም ታሳውራለች። ጥቁር እንስሳ ጥላ ውስጥ ሲቆም ግን፣ ብርሃኗ ታች ድረስ የሚወርደውን ዓይነት ይግዙ።»

እህቱ በትከሻው ላይ አሻግራ አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «ያው 'እንደ ሁኔታው' ነው እኮ ያልከው።»

«አዎ» አለ። «አሁን ግን ሁኔታውን አውቀዋለሁ።»

ላከው።