የባልቻ ምስክር

በ1930 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጉንችሬ አጠገብ በነበረ አንድ መንደር ከዝግባው ሥር የተሰበሰቡት ጣሊያኑ ሹም፣ አስተርጓሚው ሀብተወልድ፣ ምስክሩ ሙሀመድሰይድ፣ እጁ የፊጥኝ የታሰረው ባልቻና የመንደሩ ሰው ነበሩ። የአሥራ አራት ዓመቷ ሳሌሃም ከእናቷ ከጠይባ ጎን ተቀምጣለች።

ነጋዴው አስረስ ባለፈው ሐሙስ ቀትር ላይ፣ በረዶ ሲወርድ፣ ጓሮው ውስጥ በመጥረቢያ ተገድሏል። ባልቻ ደግሞ ፉጋ፣ ከተናቁት የእንጨት ሠሪዎች ወገን ነው፤ ምሰሶ ጠርቦ ቤት ያቆማል። በመንደሩ የእሱ እጅ ያልነካው ቤት የለም። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን ደጁን አልፎ እንዲገባ የሚፈቅድለት የለም። ፉጋ የረገጠው እንሰት ይደርቃል ይባላል። ምግቡንም ውጭ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ነው የሚሰጡት።

«ያየኸውን ተናገር» አለ ሀብተወልድ።

«መጥረቢያ የያዘ ሰው በእንሰቱ መሃል ሲሮጥ አየሁ» አለ ሙሀመድሰይድ። «ባልቻ ነው።»

«ፊቱን አይተሃል?»

«ያየሁት ጀርባውን ነው። ፉጋን ለማወቅ ደግሞ ፊት ምን ያደርጋል?»

ሰዉ ሳቀ። ሹሙ ነገሩ ሲተረጎምለት እሱም ፈገግ አለና ጻፈ።

ሳሌሃ ተናደደች። ባልቻን ዕድሜውን ሙሉ ከእንሰታቸው ዳር ሲያባርሩት የኖሩ ሰዎች ዛሬ በእንሰቱ መሃል ሮጠ ሲባል አንዳቸውንም አልገረማቸውም።

«ዓይኑን እዩልኝ!» አሉ ከኋላዋ እማማ አሰፋሽ። «የገዳይ ዓይን ነው።»

ሳሌሃ ዞረች። «ቤትዎን ሲሠራልዎ እጁ ወርቅ ነው ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«የወርቅ እጅ መጥረቢያ አይዝም አልኩ? ዞር በይ፣ ምላሳም!»

ሀብተወልድ ወደ ባልቻ ዞረ። «በረዶው ሲወርድ የት ነበርክ?»

ባልቻ ጠይባን ቀና ብሎ አያትና ወዲያው አቀረቀረ። «ሥራ ላይ።»

«የት?»

ዝም አለ።

«አያችሁ? መልስ የለውም!» ሲሉ ሰዎች ጮኹ።

«እማዬ» አለች ሳሌሃ በሹክሹክታ፣ «እኛን ብሎ እኮ ነው ዝም ያለው። በረዶው እስኪያባራ ምድጃችን ዳር አልነበረም? ቆጮውን በራሳችን ጣባ አልሰጠሽውም?»

«ቀስ በይ! ከዚህ በኋላ ማን እኛ ቤት እህል ይቀምሳል? አንቺንስ ማን ያገባሻል?»

«ሊሰቅሉት ነው!»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። የማያውቁት እነዚህ ናቸው።»

ጠይባ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። ሳሌሃ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና ተነሣች።

«ባልቻ በረዶው ሲወርድ እኛ ቤት ነበር» አለች። «ውስጥ። በእኛ ጣባ በላ።»

ከሰዉ መሃል አንዱ «አፍዝ አደንግዝ አድርጎባት ነው!» አለና ጫጫታው ፈነዳ። የተናገረችው ሁሉ ባልቻ ላይ ተጨማሪ ጥፋት ሆነ። ጮሃ ማልቀስ አማራት።

ሹሙ እናቷን አስጠየቀ። ጠይባ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ ሌላ ዞረች።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አለ ሀብተወልድ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጅ ነች፣ ተሳስታ ነው ብዬ እተረጉምልሻለሁ።»

ሳሌሃ አልተቀመጠችም። «እንደተናገርኩት ይተርጉሙልኝ» አለች።

ሀብተወልድ ተረጎመ። ሹሙ ቃሏን ጻፈና ፍርዱን በስምንት ቀን አራዘመ፤ ባልቻም እንደታሰረ ወደ ወልቂጤ ተወሰደ። በዚያ ሳምንት እሳት ሊጭር እነሳሌሃ ቤት የመጣ ጎረቤት አልነበረም።