ከበረዶው ፊልም በኋላ

ደብረ ታቦር ሙሉቀንን ስትወድ ልክ አልነበራትም። ፊልም በሲዲ በሚዞርበት ዘመን «የበረዶ ወር» የተባለው የመጀመሪያ ሥራው ያልገባበት ቤት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አራት ፊልሞች ሠርቷል። ስለ አራቱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ካነሣቸው አንዱ ቶሎ ብሎ «‹የበረዶ ወር›ን እኮ የሠራው እሱ ነው» ይላል፤ ጨዋታውም በዚሁ ይዘጋል።

ማሬ አያሌውም ከሰው የተለየች አልነበረችም። ከኩዌት ተመልሳ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ቪዲዮ ቤት ከፍታለች። ጠዋት ሲዲ ታከራያለች፤ ከሰዓት በኋላ አግዳሚ ደርድራ ፊልም ታሳያለች። «የበረዶ ወር»ን ያየችው ግን እዚያው ኩዌት፣ በአሠሪዎቿ ወጥ ቤት፣ ድምፁን ቀንሳ ነው። ፊልሙ ውስጥ ተኳርፈው የከረሙ አማትና ምራት ማሳ መሃል በረዶ ይይዛቸዋል። ገብሱ ዓይናቸው እያየ ሲረግፍ፣ ሁለቱ በአንድ የሣር ገሳ ሥር ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ማሬ አልቅሳ ቀለላት። የቀረውን የሥራ ውሏን የጨረሰችው በዚያ ጉልበት እንደሆነ ነው የምታምነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ የጥቅምት ከሰዓት ከቪዲዮ ቤቷ በር ላይ የቆመው። አምስተኛ ፊልሙን በከተማው አዳራሽ ሊያሳይ መጥቶ ነበር።

«ስፒከር አላት ብለውኝ ነው» አለ። «የአዳራሹ ሲንኮሻኮሽ ጆሮ ይበጥሳል።»

ማሬ ሲዲ የምትጠርግበት ጨርቅ ከእጇ ወደቀ።

«ይውሰዱት» አለች። «ለእርስዎ ኪራይ የለውም።»

«እርስዎ ካልሽኝ አልወስድም።»

«ምን ልበልዎት ታዲያ?»

«ሙሉቀን። እሱ ከከበደሽ፣ አንተ።»

ስፒከሩ ለአንድ ሰው ከባድ ነበርና ግራና ቀኝ ይዘውት ዳገቱን ወጡ። እሷ ስታርፍ እሱም ያርፋል። እሱ ቀና ሲል እሷ መሬት መሬት ታያለች። አዳራሹ ሲደርሱ መንገዱ ማጠሩን ሁለቱም ታዘቡ።

ፊልሙ አንድ ሀብታም ሰውዬ ሁለት እጮኞቹ እንዳይተዋወቁበት በቪላው ውስጥ ሲሯሯጥ የሚያሳይ ኮሜዲ ነበር። ሰዎቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ተነሥተው በር ይከፍታሉ፤ ተመልሰው ሶፋው ላይ ያወራሉ። ማሬ እንቅልፏ መጣ፤ በራሷ አፈረች። ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

ሙሉቀን ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረገ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «እንዴት አየሽው?»

«ቆንጆ ነው» አለች።

ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ።

አዲስ አበባ መመለስ ሲገባው እዚያው ከረመ። በየቀኑ ሲዲ ልምረጥ ብሎ ይመጣል፤ አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። አንድ ከሰዓት «የበረዶ ወር»ን ሲሠራ ሙሉ ክረምት ከገሳይ ከተማ ማዶ በአንድ ገበሬ ቤት ተቀምጦ፣ እውነተኛ በረዶ እስኪጥል እንደጠበቀ አጫወታት። አብረውት ከመጡት ግማሾቹ ተስፋ ቆርጠው ጥለውት ሄደው ነበር።

«በረዶው የጣለ ቀን እኔና ገበሬው አብረን አለቀስን» አላት። «እሱ በሐዘን፣ እኔ በደስታ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

ማሬ ይህን ሲናገር ወደደችው። ከዚያ በፊት ወድዳው ከነበረም አላስተዋለችም። ስለ አዲሶቹ ፊልሞች ግን እሱም አያነሣ፣ እሷም አትጠይቅ።

ኅዳር ሲገባ ሽማግሌ ላከ።

የማሬ አባት አቶ አያሌው ገሳይ አካባቢ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ፊልም የሚባል ነገር ዓይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ወደ ልጃቸው ጎራ አሉ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

«ሽማግሌ መጥቶብሻል» አሉ።

«ሰምቻለሁ አባባ።»

«የሽማግሌዎቹ ፊተኛ መምሬ ዋልልኝ ናቸው። በዘር ቆጠርነው፣ አንገናኝም። ሙያው ምንድር ነው አልኋቸው። ‹የበረዶ ወር›ን የሠራ ነው አሉኝ። እሰየው፣ ከዚያስ አልኋቸው። ‹የበረዶ ወር›ን የሠራ ነው አሉኝ። ስንት ዓመት ሆነው ብል፣ ዐሥር። ታዲያ ዐሥሩን ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ ብል መምሬ ተቆጡ። ‹አያሌው፣ አገር ያወቀው ልጅ እንዲህ አይጠየቅም› አሉኝ።»

ማሬ ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቁም።

«እንደመጡ ቆመው ነው የሄዱት፤ ተቀመጡ አላልኋቸውም። ተቀመጡ ካልኋቸው እሺ ማለቴ አይዶል? በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብያለሁ። እኔ ሰውየውንም ሥራውንም አላውቅ። አንቺ ታውቂያለሽ። በይ ንገሪኝ፤ ከዚያስ?»

ከማሬ አፍ ሊወጣ የነበረው ያው አገር የሚለው ነገር ነበር።

አባቷ ከሄዱ በኋላ ለብቻዋ ቁጭ ብላ አሰበች። ትወደዋለች፤ በዚህ ላይ ጥርጥር አልነበራትም። ግን «ቆንጆ ነው» ብላ ከተዳረች፣ እሱ ፊልም በሠራ ቁጥር ያንኑ እያለች ልታረጅ ነው። ብትነግረው ደግሞ ታጣዋለች። ሁለቱን ስታወጣ ስታወርድ እሑድ መሸ።

ሰኞ ሙሉቀን ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

«ያን ቀን ቆንጆ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ሙሉቀን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የቱ ቦታ አላማረሽም?»

«ሙሉው። ሰዎቹ ሲያወሩ እንጂ ሲኖሩ አላየሁም። ከ‹የበረዶ ወር› ወዲህ የሠራሃቸውም አብዛኞቹ ያው ናቸው።»

«ሕዝቡ እኮ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።»

«ለአንተ ነው የቆመው። ለበረዶው ነው።»

ሙሉቀን እጆቹን አየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «አንድ ጥሩ ነገር የሠራ ሰው ትንሽ አይታለፍለትም?»

«ይታለፍለታል። ብትታመም አስታምምሃለሁ፤ ብትደኸይ አብሬህ እደኸያለሁ። ለዚያ ፊልም ስል ብቻ እንኳ አደርገዋለሁ። ግን ለነዚህ ለኋለኞቹ ዋስ ስታደርገው አንጀቴ ያርራል። እሱንም እኮ አብረህ ታስንቀዋለህ።»

ከውጭ፣ ከመናኸሪያው፣ የአውቶቡስ ረዳቶቹ «ገሳይ፣ ነፋስ መውጫ» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል።

«ከሌላ ሰው ብሰማው እስቅ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው እኔ የነገርኩህ።»

ተነሥቶ ወጣ። ደህና ዋይም አላላትም።

በማግሥቱ አዲስ አበባ መሄዱን ሰማች። አንዲት ጎረቤቷ «ምን ብትዪው ነው?» አለቻት፤ ማሬ ሲዲ መደርደሯን ቀጠለች። አዝና ነበር። ሆኖም ከዚያ አዳራሽ ወዲህ ይዛው የዞረችው ውሸት ከላይዋ ወርዷል። ስታለቅስም ያለ ኀፍረት አለቀሰች።

ቀጠሮው ሲደርስ ሱቋን ዘግታ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌ ቀጠሮ አስይዞ ሲቀር ለቤቱ ውርደት ነው፤ አባቷ ያን ለብቻቸው እንዲቀበሉት አልፈለገችም። ጠዋት ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። አባቷ ደጅ ደጁን ያያሉ።

ውሻው ጮኸ። መምሬ ዋልልኝና ሁለቱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ እንደ ደንቡም ተደርድረው ቆሙ።

«አያሌው» አሉ መምሬ፣ «ያኔ ስትጠይቀን ተቆጥተን ነበር። ልጁ ግን መልሱን ራሱ ልኮታል። ሳልጨምር ሳልቀንስ ልበለው። ‹አምስት ፊልም ሠርቻለሁ። አንዱ ጥሩ ነው፤ አራቱ አይረቡም። በልቤ አውቀው ነበር። ማሬ ስትነግረኝ ተናደድሁ፤ አዲስ አበባ ገብቼ ግን ለብዙ ጊዜ ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ከእንግዲህ በሰው ሶፋ ላይ አልሠራም፤ እንደ ድሮዬ እጠብቃለሁ። ጥሩ ይሆን እንደሆነ አላውቅም። ካልሆነ ንገሪኝ በሏት።› ይኸው ነው።»

መምሬ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሠላሳ ዓመት ስሸመግል፣ የላከኝን ልጅ ስነቅፍ የዛሬው መጀመሪያዬ ነው። እሱ ከመኪና መንገዱ ዳር ብርዱ እየመታው ይጠብቃል። ምን ብዬ ልንገረው?»

አቶ አያሌው ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። በደንቡ ልጅቱ በሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ ይህን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

«አባባ» አለች ማሬ ከመጋረጃው ጀርባ። ድምጿ እየተቆራረጠ ነበር። «አራት አይደሉም። ሦስት ናቸው በሉልኝ። ሁለተኛው ደህና ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አያሌውን ሳቅ አመለጣቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

ማሬም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከመጋረጃው ወዲያ በርጩማዎቹ ሲጎተቱ ሰማች።