የማይደርቀው ማዕዘን

ልጆቼ፣ «አርጅታ ነው፣ ቀልቧን ስታ ነው» እንዳትሉኝ። ይህ በእኔ በአገርነሽ ቤት፣ በገዛ ልጄ ላይ የደረሰ ነው። ባይኔ ያየሁትን እንጂ ሌላ አልጨምርበትም።

የሆነውም በጨለማ አይደለም።

በቀትር ነው። ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ሲገባ...

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ የጭቃ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ባለቤቴ አስናቀ ከነቀምት ተቀጥሮ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እኔ የሰባታሚት ገበሬ ልጅ ነኝ። ሁለታችንም የባሕሩን ሕግ አናውቅም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ልጃችን እሌኒ ገና ዳዴ ትላለች። ከእርሷ በፊት የወለድኋቸው አልቆዩልኝም። ስለዚህ ስታስል እንኳ ነፍሴ ትወጣ ነበር።

ያን በጋ አስናቀ ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየውን ግድግዳ በከፊል አፍርሶ መተላለፊያ አወጣለት። ቤቱ ሰፋ፣ ደስ አለን። ግን መተላለፊያው ላይ የግድግዳው ማዕዘን ሹል ሆኖ ቀረ።

እሌኒ «ወፌ ቆመች» ሲሏት ብድግ ትልና... አንድ ቀን ተንገዳግዳ በግንባሯ ማዕዘኑን መታችው። ደም ፊቷን አለበሳት።

አስናቀ አብሯት አለቀሰ።

«ይህን ስለት ሁለተኛ አላየውም! ክብ ይሁን!» አለ።

ለሳኝ አመጣ። ሣህሉ ይባላል፤ ከሰከላ ደጋ የወረደ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው።

«እቴ አገርነሽ» አለኝ ማዕዘኑን እየዳሰሰ፣ «ጭቃ ብቻውን ክብ ሆኖ አይቆምም፣ ይረግፋል። ውስጡ አጥንት ይሻል። ደንገል አስሬ በቁመቱ አቆምለትና በላዩ እለስናለሁ።»

«ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል?»

«እሱን። ሲታሰር ክብ፣ ሲነካ ለስላሳ። ልጅሽ ብትጋጨው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቃት እሱ ነው።»

እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተርና ልስኑን ይሰነጥቃል ብሎ፣ ደረቅ ደንገል ፍለጋ ወደ ባሕሩ ወረደ። ሲመለስ ትከሻው ሙሉ ነበር።

«ከየት አገኘኸው?» አልሁት።

«አሮጌ ታንኳ ነው። በአፉ ተደፍቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት አገኘሁት። ጠየቅሁ፣ የኔ የሚል ጠፋ። ፈታሁት።»

«ድንጋይ ለምን ተጫነበት?»

«ነፋስ እንዳይወስደው ነዋ! ምን ትመራመሪያለሽ?»

እውነት መሰለን።

ደንገሉን በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። በምስማር ማዕዘኑ ላይ አቆመው። ጭድ የተለወሰበት ጭቃ ለቀለቀበት። ከዚያ ባዶ የአረቄ ጠርሙስ አውጥቶ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች እያንከባለለ አለሰለሰው።

«ይህ ሙያ ከባድ ነው?» አለው አስናቀ።

«ከባዱ ጠርሙሱን ባዶ ማድረጉ ነው» አለ ሣህሉ። ሳቅን።

እንዴት እንዳማረ ብነግራችሁ! እንደ ሕፃን ጉልበት የለዘበ፣ የሚሳም ማዕዘን።

ግን አልደረቀም።

መጋቢት ነው እኮ። ሌላው ግድግዳ ነጥቶ ሲሰነጣጠቅ፣ እርሱ ብቻ ጠቁሮ ቀረ። እጄን ሳሳርፍበት ይቀዘቅዛል። ጧት ስጠርግ ከሥሩ ውሃ አገኛለሁ...

ሳሸተው ዓሣ ዓሣ ይላል።

«ጭቃው ወፍሮበት ነው» አለኝ አስናቀ። «ትንሽ ታገሽው።»

ታገሥሁ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሁልጊዜ በቀትር ነው፤ አስናቀ ሥራ ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሆኖ ሰፈሩ ጭር ሲል።

ቸፍ...

ቸፍ...

ውሃ ታንኳ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። ከግድግዳው ውስጥ።

እሌኒ ድምፁን ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ጥላ በዳዴ ወደ ማዕዘኑ ትሄዳለች። ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ትስቃለች። ሰው እንደሚያጫውታት እያረፈች፣ እያዳመጠች...

«ና አፍርሰው ይህን ልስን» አልሁት አስናቀን።

«ደሞ ጀመርሽ! ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» አለኝ። በስብሰባው የለመዳት ቃል ናት።

በማግሥቱ ጓዳ ገብቼ በርበሬ ስቀነጥስ፣ ከሳሎን በኩል የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ወፌ ቆመች... ወፌ ቆመች...»

አስናቀ መጣ ብዬ ፈገግ አልሁ።

ደግሞም አሰብሁ። አስናቀ አሁን ሥራ ላይ ነው።

ድምፁም የእርሱ አይደለም። ሹክ የሚል የወንድ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮው ውሃ እንደያዘ ሰው።

«ወፌ... ቆመች...»

በርበሬውን በትኜ ብቅ አልሁ።

እሌኒ ቆማለች። ምንም አልተደገፈችም። ሁለት እጆቿ ከራሷ በላይ ተሰቅለዋል... ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይዞ እንደሚያስኬዳት።

ጣቶቿ ጨብጠዋል።

የጨበጡት ግን አይታይም።

አንድ ተራመደች። ደግማ ተራመደች። ልጄ መሄድ አትችልም ነበር እኮ!

የምትሄደው ወደ ጓሮው በር ነው። የባሕሩ መንገድ በዚያ ነው። ያን በር እኔው ነኝ ቀርቅሬ የዘጋሁት።

ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ዘልዬ ወገቧን አቀፍኋት። ሳብሁ።

አልመጣችም።

እጆቿ ወደ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። እኔ ስስብ በዚያ በኩል ደግሞ የሚስብ አለ። በኃይል አይደለም፣ ልጆቼ። በስስት ነው። እጇ እንዳይጎዳ የሚጠነቀቅ አባት እንደሚስብ...



«በእመቤቴ በማርያም!» አልሁ። «ተዋት! የኔ ናት!»

ለቀቀ።

በጀርባዬ ወደቅሁ። እሌኒ ደረቴ ላይ ሆና ወደ ማዕዘኑ እያየች ትፍለቀለቃለች። የእጇን አንጓ አየሁት። ጭቃ ተለጥፎበታል፤ የጣት ቅርጽ ያለው ጭቃ።

የትልቅ ሰው ጣት።

ልጄን አቅፌ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሣ ወደ መንገድ ሮጥሁ። ሰው የለም። ከአንድ ሽማግሌ በቀር። አያ ኢድሪስ ናቸው፤ ከሰፈራችን በታች ባሕሩ ዳር የሚኖሩት ታንኳ ሠሪ። ከቤት ቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? ማን ነካሽ?»

«እርስዎስ... በዚህ ፀሐይ ምን ይፈልጋሉ አያ?»

«ታንኳዬን ነዋ። ቁንዝላ ሰንብቼ ብመለስ የለም። ደፍቼ ድንጋይ ጭኜበት ነበር።»

መንገዱ ላይ ተቀመጥሁ።

«ድንጋዩን... ነፋስ እንዳይወስደው ነው አይደል? ይበሉኝ፣ አያ።»

አያ ኢድሪስ የእሌኒን አንጓ አዩ። ጭቃውን በጣታቸው ነኩት።

«ያ ታንኳ የመስዑድ ነው፣ የልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሚስቱ ሙኒራ ምጥ ይዟት፣ አዋላጅ ላምጣ ብሎ ወደ ማዶ ቀዘፈ። ታንኳው ብቻውን ተመለሰ።»

«ሙኒራስ?»

«ከነልጇ በምጡ ሞተች። ወንድ ይሁን ሴት... እሱ አላየም።»

እሌኒን አጥብቄ ያዝኋት።

«በእኛ ዘር» አሉ፣ «ባለቤቱን ጥሎ የመጣ ታንኳ አይፈታም፣ አይነድም። በአፉ ተደፍቶ እስኪበሰብስ ይተዋል። ድንጋዩ ነፋስ እንዳይወስደው አይደለም፣ ልጄ። ባለቤቱ እንዳያነሣው ነው። ተፈትቶ ሰው ቤት ከገባ... እሱም ተከትሎት ይገባል።»

አስናቀና ሣህሉ ተጠሩ። አስናቀ ገና ከበሩ «ይህ ኋላ ቀር...» ብሎ ጀመረ። የእሌኒን አንጓ አሳየሁት። ቃሉን አልጨረሰውም። መዶሻውን ያነሣው እርሱ ራሱ ነው።

ልስኑ እንደ ዳቦ ተገምሶ ወደቀ።

ሣህሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ደርቆ፣ ነጥቶ የገባው ደንገል አረንጓዴ ሆኗል። ከጫፉ ጎፈሬውን አውጥቷል። በተዘጋ ግድግዳ ውስጥ!

«ሽቦዬ የታለ?» አለ ሣህሉ። «በሽቦ እኮ ነው ያሰርሁት... አስናቀ አይተህ የለ? በሽቦ ነው!»

ሽቦ የለም። የታሰረው በደንገል ልጥ ነው፤ ታንኳ እንደሚታሰረው ተፈትሎ።

አያ ኢድሪስ ቋጠሮውን ዳሰሱት።

«ወደ ግራ ነው የተቋጠረው» አሉ። «ልጄ ግራኝ ነበር።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘነው ወደ ባሕሩ ወረድን። አያ ኢድሪስ ያንኑ ደንገል መልሰው ትንሽ ታንኳ አድርገው አሰሩት። ባሕሩ ላይ አስቀመጡትና ጎንበስ አሉ።

«መስዑድ፣ አባትህ ነኝ። ይህች የሰው ልጅ ናት። ያንተዎቹ ቀድመውሃል። እዚያው ፈልጋቸው... ሂድ፣ ልጄ።»

ገፉት።

ባዶው ታንኳ ባንድ ወገን ዝቅ አለ። ሰው ሲሳፈርበት እንደሚያዘነብል። ተወዛወዘ። ተስተካከለ።

ነፋሱ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። ታንኳው ግን ወደ ውስጥ ሄደ።

«ዙሩ» አሉ አያ ኢድሪስ። «ጀርባ ስጡት። ማንም እንዳያይ።»

ዞርን። መንገድ ጀመርን።

እሌኒ ግን አስናቀ ትከሻ ላይ ነበረችና ፊቷ ወደ ኋላ ነው። ባሕሩን እያየች እጇን ታወዛውዛለች። የሚሄድን ሰው እንደሚሰናበቱት...

ድንገት ማወዛወዟን ተወች።

ሁለት እጇን ዘረጋች። «እቀፈኝ» እንደምትል። ሕፃን እንዲህ የሚያደርገው ለሚሄድ ሰው አይደለም። ቀርቦ ለሚመጣ ነው።

ማናችንም አልዞርንም።

ሮጥን።

በወሩ ያን ቤት ለቀቅን። ሣህሉም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ደንገል ዳግም አልነካም አሉ። አያ ኢድሪስም አስናቀም ነፍሳቸውን ይማር፣ ዛሬ የሉም። እሌኒ አድጋ፣ ተምራ፣ ተድራ ሄደች። እኔም ከባሕሩ ርቄ፣ ሰባታሚት በአባቴ መሬት ላይ የብሎኬት ቤት ሠራሁ። ግንበኛው «እማማ፣ ማዕዘኑን ላለዝበው?» ሲለኝ፣ «እንደ ቢላዋ ይሁን» አልሁት። ሳቀብኝ።

ለእሌኒ አንድም ቀን ይህን አልነገርኋትም። ምን ብዬ ልንገራት?

ባለፈው መጋቢት ልጇን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አደይ ትባላለች። ገና ዳዴ ትላለች።

ቀትር ላይ እኔና እሌኒ ማድቤት ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። አደይን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ትተናት ነበር።

«እማ» አለች እሌኒ፣ «ሬዲዮ ከፍተሻል እንዴ?»

አልከፈትሁም።

«ወፌ... ቆመች...»

ትሪው ከእጄ ወደቀ።

ሳሎን ስንደርስ አደይ ቆማለች። ግንባሯን ማዕዘኑ ላይ አስደግፋ ትስቃለች። እንደ ቢላዋ ያስደረግሁት ማዕዘን ላይ። ግንባሯ ጭረት የለውም።

አነሣኋት። ከዚያ እጄን ወደ ማዕዘኑ ሰደድሁ። ባልሰደድሁት!

ክብ ነው። እንደ ሕፃን ጉልበት የለዘበ።

ይቀዘቅዛል... ርጥብ ነው።

«እሌኒ፣ ልጄ፣ እንውጣ» አልሁ በሹክሹክታ። «ቶሎ። ጫማሽን ተይው።»



ዞሬ አየኋት። ምንም ያልነገርኋት ልጄ፣ የልጅ እናት የሆነች ሴት፣ ማዕዘኑን እያየች ትፍለቀለቃለች። ሁለት እጆቿ ቀስ ብለው ከራሷ በላይ ተሰቀሉ...

ጣቶቿም ጨበጡ።