ነጯ ወይስ ግራጫዋ

የመኪና መሸጫው ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለፌዝ ነበር፤ ኋላ ግን ተጣበቀባት። ደንበኛው ምን ቢቋምጥ፣ የማይሆነውን መኪና «ይሆንሃል» ብላ አትሸጥለትም። አለቃዋ «አንቺ ልጅ፣ እኛ የከፈትነው መሸጫ ነው ወይስ የንስሐ ቤት?» እያለ ይነጫነጭባታል። ይሁን እንጂ በእሷ ምክር የገዛ ሰው ወንድሙንም አማቱንም ይዞ ስለሚመለስ፣ ከመነጫነጭ አያልፍም።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከመሸጫው ሁለት ፌርማታ ርቃ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሁለት ወንበር አላት፤ አንደኛው ላይ ትቀመጣለች፣ ሌላኛው ላይ ልብስ ትከምርበታለች። እሑድ እሑድ አክስቷ ትደውልላታለች። ከአክስቷ ሌላ እሑድ የሚደውልላት ሰው የለም። ብቸኝነት የሚሉት ይሄው ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጫማው ላይ ቀይ አፈር የደረቀበት ሰው ገባ። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እርሳስ ሰክቷል። ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት የስፖርት መኪኖች እየዞረ አያቸው። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ግራጫ፤ ከቀለማቸው በቀር መንትያ ይመስላሉ።

«ከሁለቱ የቷ ትሻለኛለች?» አላት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የመንገድ ቀያሽ ነኝ።»

«ለቀያሽማ ፒክአፕ ነበር የሚያምርበት።»

«ፒክአፑን መሥሪያ ቤቱ ይሰጠኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወገቤን ያላላው እሱ ነው። ይቺን የምገዛት እንደ ልጅ እንድስቅባት ነው።»

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ነጯን የሚገፏት የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ናቸው። ቀላል ናት፣ ኩርባ ላይ ትጫወታለች። ደረቅ አስፋልት ላይ እንደ እሷ የሚያስደስት የለም። መንገዱ ሲረጥብ ግን ኋላዋ ይከዳል። ግራጫዋን የሚያንቀሳቅሷት አራቱም ጎማዎች ናቸው። ትንሽ ትከብዳለች፣ ቀልድም አታውቅም፤ ግን መንገዱን ነክሳ ትይዛለች። የሚነዱት የት ነው?»

ቀያሹ ጣቱን በግራጫዋ ጣሪያ ላይ አንሸራተተ።

«እሱን ነው ገና ያልወሰንኩት» አለ።

በመሸጫው ደንብ አንድ ደንበኛ በአንድ ቀን አንድ መኪና ብቻ ነው የሚሞክረው፤ ሻጩም አጠገቡ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግራጫዋን ሞከሩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እሱ ስለ ፍሬኑ ጠየቀ፣ እሷ ስለ ፍሬኑ መለሰች። ሲለያዩ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጯን» አላት። ሚዛን በዚያ ሳምንት ከወንበሩ ላይ ልብሱን አነሳች። ለምን እንዳነሳችው ለራሷም አልተናገረችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዘነበ። አደባባዩ ላይ ቀያሹ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርግ፣ የነጯ ኋላ ድንገት ከድቶ መኪናዋ ግማሽ ዙር ዞረች።

«አንተ! ነዳጁን ልቀቅ! መሪህን መልስ!» ብላ ጮኸችበት።

መለሰ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ዳር ይዞ አቆመና ሁለቱም ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ይቅርታ» አለች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ደንግጬ ነው እንጂ ደንበኛን አንተ አልልም።»

«ተዪው፤ እንደደነገጥሽ ቅሪ» አላት።

ሳቁ። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል፤ እሱ ያያታል፤ እሷ የመኪናዋን ሰዓት ታያለች። ሃያው ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል። «እንመለስ» የምትለው እሷ መሆን ነበረባት፤ አላለችም።

በሦስተኛው ቅዳሜ እንደገና ግራጫዋን ጠየቀ። ባልደረቦቿ በክርናቸው ተጎሻሸሙ። «ይሄ ሰውዬ መኪና ነው የሚቀይሰው?» አለ አንዱ፤ እሷ እንዳልሰማች ሆነች። ከከተማው ወጣ ሲሉ ቀያሹ መንገድ ዳር አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ዝውውር ሰጥተውኛል» አለ። «ለሦስት ዓመት። ተራራ ላይ ያለውን መንገድ ልናሰፋ ነው። አስፋልት ነው፣ ግን ኩርባው አያልቅም፤ ከዓመቱ ስምንቱን ወር ዝናብና ጭጋግ ነው። እምቢ ካልኩ እዚሁ ቢሮ እቀመጣለሁ። እስከ ረቡዕ መልስ ስጥ ብለውኛል።»

«እሺ» አለች።

«ስለዚህ ከሄድኩ ግራጫዋ፣ ከቀረሁ ነጯ። አየሽ፣ የመኪናውስ ነገር ቀላል ነው።» ዞሮ አያት። «ሚዛን፣ አንቺ የቷን ትመርጪልኛለሽ?»

ምን እንደጠየቃት አልጠፋትም። ሞኝ አይደለችም። ልቧ «ነጯን! ነጯን በዪው!» እያለ ይደልቃል። አንድ ቃል ናት፤ ውሸትም የለባትም።

ነገር ግን ሚዛን ከዚህ በፊት አንድን ሰው «ቅር» ብላ ታውቃለች። እጮኛዋ ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ ባገኘ ጊዜ አልቅሳ አስቀርታው ነበር። ቀረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሻይ ቢቀዘቅዝ፣ በር ቢንኳኳ፣ «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የቀረሁት» ሲላት ኖረ፤ በመጨረሻም ጥሏት ሄደ። የሄደ ቀን፣ ዳግመኛ ማንንም ሰው ቅር ላትል በራሷ ማለች።

«ዳገትና ዝናብ ካለ ግራጫዋ ናት» አለች፤ በሻጭ ድምፅ። «ለሕይወትህ የምትሻለው እሷ ናት።»

ቀያሹ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«የመለስሽልኝ ስለ መኪናው ብቻ ነው?»

«እኔ የመኪና ሻጭ ነኝ።»

አይ አፍ! ሲፈለግ የማይገኝ፣ ሳይፈለግ የሚቀድም! ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሷ ዝምታ ግን ገና ከተማ ሳይገቡ ነቀዘ። ቀያሹ ሞተሩን አስነሳ፤ እስከ መሸጫው በር ድረስ ቃል ሳይለዋወጡ ተመለሱ።

ረቡዕ ግራጫዋን ገዛ።

መሸጫው አንድ ልማድ አለው። አዲስ መኪና ሲወጣ ሻጩ እስከ መጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ድረስ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ የድርጅቱ ሹፌር ደግሞ በአሮጌ መኪና ከኋላ ተከትሎ ሻጩን ይመልሳል። አራተኛው ቅዳሜ ያ ቀን ሆነ። የቀያሹ ሻንጣዎች የኋላ ወንበሩ ላይ ተደርድረዋል። በቀጥታ ወደ ተራራው ሊሄድ ነው።

ማደያው ጋ ሲደርሱ ቀያሹ በሩን ሊከፍትላት ወረደ። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ባለፈው የጠየቅኩሽ ገብቶሽ ነበር?» አላት።

«ገብቶኝ ነበር።»

«ገብቶሽ?»

«ከአፍህ ሳይወጣ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው?» ድምፁ ተሰበረ። «ካልፈለግሽኝ አልፈልግህም ማለት አይቀልም ነበር?»

ስለ እጮኛዋ ነገረችው። አጭር አድርጋ፣ የነዳጅ ቀጂውን ቱታ እያየች ነገረችው። ቀያሹ እስክትጨርስ በሩን እንደያዘ ሰማት።

«እኔ እሱ አይደለሁም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሁን በዪኛ።»

ምን እንድትለው እንደፈለገ ታውቃለች። ቃሉ እምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ሻንጣዎቹን አየች፤ የፈረመውን ዝውውር አሰበች፤ ቀርቶ በሦስተኛው ወር፣ ሻይ በቀዘቀዘ ቀን ምን እንደሚላት አሰበች። ሹፌሩ ከኋላ ጡሩምባ ነፋ፤ ምስኪን፣ ምን ያውቃል።

«በኩርባ ላይ አትፍጠን» አለችው። «እሷም ብትሆን ዝናብ ላይ እግዜር አይደለችም።»

ወረደች። ቀያሹ አንገቱን ነቀነቀና ገባ። ግራጫዋ ቀስ ብላ ወጣች፤ ዋናው መንገድ ላይ ከጭነት መኪኖቹ መሃል ተደባለቀችና ጠፋች።

እሑድ አክስቷ ስትደውል ሚዛን እያለቀሰች አነሳች። ሁሉንም ነገረቻት፤ «ቅርልኝ ልለው ነበር እኮ፣ አክስቴ!» አለቻት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች አክስቷ። «እና ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? እኔ ልቅርልሽ?» ቀጥላም ድምፅዋን አለዘበች። «አልቅሺ በቃ፣ የኔ ልጅ። እኔ አለሁ፣ አልዘጋም።»

ወራት አለፉ። ነጯን ሦስት ሰው ጠየቃት። ሚዛን ለሦስቱም መቼ እንደምትሆናቸውና መቼ እንደማትሆናቸው አስረዳች፤ ሦስቱም ሌላ ገዙ። ባልደረቦቿ ስለ ቀያሹ መቀለዳቸውን ተዉ። ወንበሩ ላይ ልብሱ ተመልሶ ተከመረ።

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ።

«ትናንት ጭቃ ከተራራው ወርዶ ኩርባውን ሸፍኖት ነበር። መኪናዋ ያዘች። ነጯን ይዤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ገደል ውስጥ ነበርኩ። ሚዛን፣ ልክ ነበርሽ። ይህንኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እንኳን ተረፍክ» ብላ ጻፈች። አየችው። እውነት ነው፤ ከልቧ ነው። ግን እንደገና ያው የሻጭ ድምፅ ሆነባት። አጠፋችው። ሌላ ጻፈች።

«ነጯን ይዘህ ቢሆን ኖሮ እዚያ ገደል አጠገብ ምን ትሠራ ነበር? እዚህ ነበርክ። ቅርልኝ ልልህ ፈልጌ ነበር። ፈርቼ ነው።»

ሳታነበው ላከችው።

ወዲያው ደወለ። ስታነሳ መጀመሪያ የሰማችው የዝናብ ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ የማያባራ። እሷ ባለችበት ፀሐይ ነው።

«ይህቺን ለመስማት ሦስት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀረኛል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ትንፋሹን ትሰማለች።

«እና አሁን ምን ላድርገው?» አላት።

ለሰው ሁሉ የሚሆነውን የምታውቀው ሴት ገና ያልተሸጠችውን ነጯን አየቻት።

«አላውቅም» አለችው። «እውነቴን ነው፤ አላውቅም።»

እሱ ስልኩን አልዘጋም። እሷም አልዘጋችም። መስመሩ ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለቱም ዝናቡን ሲያዳምጡ ቆዩ።