የተደፈነው ክትር

ደብዳቤው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ቺዙሩ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ እንደቆመች ሦስት ጊዜ አነበበችው።

ከሩዝ ማሳዋ በተወሰደው ውሃ ውስጥ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ተገኝቷል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ መሬት አንዲት ጠብታ መድኃኒት አላስነካችውም። አባቷ ሲሞቱ ያወረሷት መሬት አርባ ዓመት መርዝና ማዳበሪያ ሲጋት የኖረ፣ ቢቆፍሩት እንደ ጡብ የሚሰበር፣ ትል እንኳ የሸሸው ነበር። እሷም ብትሆን ኦሳካ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ስትመዘግብ የኖረች፣ የማጭድ አያያዝ የማታውቅ ሴት ነበረች። ፐርማካልቸር የሚሉትን፣ መሬት ራሱን እንዲመግብ አድርጎ የማረስን ጥበብ፣ በአርባ ዓመቷ ሀ ብላ ጀመረች። ብስባሽ ማብላላት ተማረች። ዳክዬ ሩዝ ውስጥ አሰማርቶ አረም ማስለቀም፣ ክትር ላይ አኩሪ አተር መትከል ተማረች።

ግማሹ ርስት የታናሽ ወንድሟ የሾጎ ነው። ሾጎ ለፀሐይ ኃይል ኩባንያ ሊሸጠው ቸኩሏል። ስምምነታቸው አጭር ነበር፤ ማሳው በሦስት ዓመት ውስጥ የንጹህነት ምስክር ወረቀት ካገኘ ለእሷ ይቀራል፣ ካላገኘ ይሸጣል።

የምስክር ወረቀት ሰጪው ድርጅት ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ሌላም ነገር ነበረ። መድኃኒቱ በአጋጣሚ አንድ ጊዜ የገባ ከሆነ አንድ ዓመት መጠበቅ ይበቃል። ሲገባ የኖረ ከሆነ ግን ሦስቱ ዓመት እንደገና ከዛሬ ይቆጠራል።

ለሾጎ ደወለች።

«አንድ ዓመት እሺ፣ እታገሣለሁ» አላት። «ሦስት ግን አልችልም፣ እቴ። እውነቴን ነው።»

ወጣቱ የመንደሩ ፖሊስ ናጋይ ብትጠራው በሞተር ብስክሌቱ ደረሰ። ደብዳቤውን አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ናሙናው የተወሰደው ከየት ከየት ነው?»

«ከሁለት ቦታ። አንዱ ከላይ፣ ያለ መድኃኒት ማረስ ካስተማሩኝ ከመምህሬ ማሳ ውሃ ከሚወርድልኝ መግቢያ። አንዱ ከኢሺማሩ ድንበር። ሁለቱም ላይ ተገኝቷል።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

አላመነታችም። «ኢሺማሩ!»

እንዲህ ለማለት ምክንያት ነበራት። ኢሺማሩ በየመንደሩ ስብሰባ ላይ እየተነሳ፣ አረሟ ተባይ እያራባ ሩዙን እንዳስበላበት የሚጮህ ጎረቤት ነው። ናጋይን አስከትላ ግቢው ገብታ ሚስቱ ፊት አንባረቀችበት።

«እርስዎ ነዎት የመረዙኝ! አረሜ ዓይንዎን ስለወጋው ነው!»

ኢሺማሩ የሚጠግነውን የመርጫ ቱቦ አስቀመጠ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ። እረጫለሁ፣ አዎ። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ አገር እያየኝ ነው። ተደብቄ የማደርገው ነገር ቢኖር ይቺ ሴትዮ የከለከለችኝን ሳኬ መጠጣት ብቻ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች ሚስቱ።

ናጋይ ሳቁን ዋጠ። «ሰሞኑን የተለየ ነገር አላዩም?»

ኢሺማሩ ጢሙን አከከ። «አይቻለሁ። መርማሪው ናሙና ሊወስድ ከመምጣቱ በፊት፣ የመስኖ ቦዩን ለመጥረግ መንደሩ በሙሉ በወጣንበት እሑድ፣ ስመለስ የማሳዬ ውሃ አንድ ስንዝር ጎድሏል። ፍልፈል ነው ብዬ ተውኩት።»

ሦስቱም ወደ ድንበሩ ወረዱ። የኢሺማሩ ማሳ ከእሷ ማሳ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሁለቱን የሚለያቸው የጭቃ ክትር ነው። ናጋይ ተንበርክኮ ክትሩን በእጁ ዳሰሰ። በኢሺማሩ በኩል ያለው የላስቲክ ልባስ ከውሃው በታች በማጭድ ተቀዷል።

«ፍልፈል ማጭድ አይዝም» አለ። «ክትሩ ተከፍቷል። ከዚያ መልሶ ተደፍኗል። እኔ ያልገባኝ መደፈኑ ነው። ሌባ የሰበረውን በር ጠግኖ ይወጣል እንዴ?»

ቺዙሩ ጭቃውን በጣቷ ፈልቅቃ መድፈኛውን ሳበችው። የሩዝ ገለባ ነው። ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣ ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ በራሱ አገዳ ታስሯል።

ገለባውን በመዳፏ አገላበጠችው።

«የኔ አይደለም» አለ ኢሺማሩ። «እኔ ላስቲክና ሲሚንቶ ነው የማውቀው። ገለባ እንዲህ የሚጠመዝዝ በዚህ መንደር ከአንቺና ከመምህርሽ ሌላ የለም።»

አዎ፣ የለም። በመጀመሪያው ክረምቷ መምህር ሞሪዋኪ ይህንኑ አጠማዘዝ አርባ ጊዜ አስደግመዋታል፤ ጣቷ እስኪደማ። ያ እሑድ ትዝ አላት። መንደሩ ሁሉ አካፋ ይዞ ሲወጣ ጉልበቴን አመመኝ ብለው የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ወደ ላይ ወጣች። ናጋይ ከኋላዋ ተከተላት።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። «ነይ ልጄ፣ የገብስ ሻይ አለ።»

«ክንድዎን ያሳዩኝ፣ መምህር።»

«ምን?»

«ክንድዎን።»

ሐምሌ ነው። በሐምሌ ሩዝ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚያርም ሰው ክንዱ በቅጠሉ ተቧጭሮ ይቀላል፤ የእሷ ራሱ ከክርኗ በታች ጤነኛ ቦታ አልነበረውም። የሽማግሌው ክንድ ለስላሳ ነበር። አንድ ጭረት የለበትም። ስንት ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣ ሻይ ጠጥታለች፣ አንድ ቀን ግን ልብ አላለችውም።

የያዘችውን ገለባ ባቄላው ላይ ጣለችው።

ሽማግሌው አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚረጩት?» አለች።

«አራት ዓመት ይሆነዋል።»

እሷ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አስተምሩኝ ብላ እግራቸው ሥር ስትደፋ መርዙ ቀድሞ ወደ ማሳዋ እየወረደ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

«ጉልበቴ ከዳኝ» አሉ። «ሰው ከከተማ እየመጣ፣ ይኸው ንጹህ ማሳ፣ እያለ ፎቶ ያነሳኛል። ምን ልበለው? መርማሪው መርዙን በእኔ በኩል ብቻ ቢያገኘው ቀና ብሎ የእኔን ማሳ ማየቱ አይቀርም። በኢሺማሩም በኩል ከተገኘ ግን ሰው ሁሉ እሱ ነው ይላል። የታወቀ ረጪ ነው።»

«ታዲያ ክትሩን ለምን መልሰው ደፈኑት?» አለ ናጋይ።

ሽማግሌው ለምን ትተነፍሳለህ የተባሉ ይመስል ግራ ገባቸው።

«ክትር ተከፍቶ ይተዋል እንዴ? የሰው ሩዝ ይደርቃል።»

«ለሩዙ አዘኑ» አለች ቺዙሩ። «ለእኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አላዘኑም።»

ናጋይ ወረቀቱን አወጣ። «ክሱ የእርስዎ ነው፣ እትዬ ቺዙሩ። ካልከሰሱ እኔ የምጽፈው የለኝም።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ረጋ ብለሽ አስቢው። ክትሩ ተሸንቁሮ ከኢሺማሩ ማሳ አንድ ጊዜ ገባ ካልሽ አንድ ዓመት ጠብቀሽ መሬትሽን ታተርፊያለሽ። ከእኔ ነው ካልሽ ግን ሲገባ ኖሯል ማለት ነው፤ ወንድምሽ ይሸጠዋል። ኢሺማሩን ደግሞ ምን ይጎዳዋል?»

እውነታቸውን ነው። ያ ነው ያንገበገባት። አንድ ቃል ብትዋሽ መሬቱ የእሷ ነው። ቁልቁል አየች። ዳክዬዎቿ በሩዙ መስመር መሐል እየተግተለተሉ ይለቅማሉ። ጥቁር አፈሯ፣ ትል የተመለሰበት አፈሯ፣ ከዚህ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ኢሺማሩ ጎንበስ ብሎ የተቀደደ ላስቲኩን ይጠግናል። ጠዋት ሚስቱ ፊት ያዋረደችው እሷ ናት።

«ጻፍ» አለች።

«ልጄ!»

«ጻፍ፣ ናጋይ። ሞሪዋኪ ኪሱኬ።» በሦስት ዓመት ውስጥ በስማቸው ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሥራ?» አለ ናጋይ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ሽማግሌው ቀና ብለው ጠበቋት።

«ገበሬ» አለች።

ከዚያ እዚያው እንደቆመች ለወንድሟ ደወለች።

«ሾጎ፣ ሦስት ዓመት ነው።»

«ይሸጣል ማለት ነው።»

«አዎ» አለችና ዳክዬዎቿን የምትሰበስብበት ቅርጫት ፍለጋ ቁልቁል ወረደች።