ቱቦው ላይ የተደፋው ጉልላት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራት መጥፋቱም ደግ ነው፤ ፊታችሁን ካየሁ አሳዝናችሁኝ እተወዋለሁ።

ጊዜው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ከአንዲት መንደር ተነሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ ማዶ የሚሄድ ቀጭን መንገድ አለ። መንደሯን አልነግራችሁም፤ ዘመድ ያላችሁ አትጠፉም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ገብረየስ ይባላል። በዚህ ሰዓት ምን አቅብጦት ወጣ? ሽታ። አትሳቁ! ሽታ ነው ያስወጣው።

ገብረየስ ከመንደሩ ሰው ቀድሞ የቆርቆሮ ቤት ሠራ። ቤቱ ውስጥም ቁጭ የሚባልበት፣ ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት አስገባ። የሠራለት ቢሻው የሚባል ከከተማ የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቢሻው ሲጨርስ ከጣራው በላይ የወጣውን ቱቦ አሳየውና፣ «ጋሼ፣ ይቺን አይንኩብኝ» ብሎት ሄደ።

ነካት? እንዴታ! ቱቦው ጣራ ላይ አፉን ከፍቶ ቆሞ ሲያየው አላስችል አለው።

«ጉልላት የሌለው ቤት ምኑን ቤት ሆነ? ጎረቤት ምን ይለኛል?» አለና፣ የአባቱን ጎጆ የሸክላ ጉልላት አምጥቶ ቱቦው ላይ ደፋው። በሲሚንቶም ለሰነው።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ መሽተት ጀመረ። በሳምንቱ ሽንት ቤቱ መናገር ጀመረ። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር፣ ቡልቅ... ቡልቅ... እህህ! ይላል። ጠበል ተረጨ፤ ቡልቅ አለ። ዶሮ ታረደ፤ ቡልቅ አለ። በመጨረሻ ሚስቱ ዘርፌ ነጠላዋን አነሣች።

«አንተን አልጠላሁህም። ጋኔን ከሥር እያየኝ ግን አልቀመጥም! እሱ ሲወጣ እመለሳለሁ» ብላ ማዶ ወንድሟ ቤት ገባች።

ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ገብረየስ ብቻውን ራት በላ፤ ብቻውን ተኛ፤ ሆዱ ባባ። በዚያች ሌሊት ቤቱ ሲያቃስትበት፣ «ከእሷ ጋር በረት ውስጥ ባድር ይሻለኛል» ብሎ ተነሣ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ሸተተው። የቤቱ ሽታ መሰላችሁ? አይደለም። እርጥብ ሲሚንቶ ነው። በዚህ ጨለማ ማን ሲሚንቶ ያቦካል? ፈጠን አለ። ከኋላው ብረት ቃጭ አለ። ቆመ፤ ቃጩም ቆመ። ሄደ፤ ቃጩም ሄደ። ዞር አለ... መሰላል። መሰላል ብቻ፣ በአየር ላይ እየመጣ ነው። ቀስ እያለ ከሥሩ ትከሻ ታየ። ከትከሻው በላይ ራስ ታየ።

«ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?»

ቢሻው ነበር!

«አንተ ልጅ! ልቤን አወጣኸው እኮ!»

«አይንኩብኝ አላልኩም?» አለና ቢሻው ብብቱ ሥር የያዘውን ጉልላት ሰጠው። «ውሃ ሲወርድ አየር ይስባል። ከላይ ከደፈኑበት፣ የሽንት ቤቱ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ሽታ የሚያግደውን ውሃ ይመጠዋል። ጋኔን የለብዎትም፤ ትንፋሽ ያጠረው ቤት ነው ያለዎት። አሁን ከፍቼዋለሁ። ሁለተኛ ከደፈኑት ግን እመጣለሁ። በጣራ አይደለም የምመጣው። በታች ነው።»

ገብረየስ ስቆ መርቆት፣ እየሮጠ ማዶ ደረሰ።

«ዘርፌ! ተነሺ፣ ወጣልሽ! ቢሻው መጥቶ ከፈተው!»

ዘርፌ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«የትኛው ቢሻው? የቧንቧው? ወንድሜ እኮ አሁን ከቀብሩ መግባቱ ነው!»

ገብረየስ ወደ እጁ አየ። ጉልላቱ አለ። ከደረቀ የሰነበተው ሲሚንቶ እንደ አዲስ እርጥብ ነው።

ዘርፌ ተመለሰች? በማግስቱ ተመለሰች፤ ቤቱ አይሸትም። ገብረየስ ግን እስኪሞት ድረስ፣ የገዛ ሽንት ቤቱን አንኳኩቶ ነበር የሚገባው።

እንግዲህ ሰምታችኋል። በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ቱቦም አትድፈኑ። አንተ፣ ጥግ ያለኸው! ወፍ ገባብኝ ብለህ ትናንት ቱቦህ አፍ ላይ ጨርቅ የወተፍከው! ስማ እስቲ፣ ከጓሮ በኩል...

ቡልቅ!

ወዴት ነው? መሰላል ፍለጋ? ኧረ ቆይ፣ ብቻህን አትውጣ!